የውሰት ትውስታ

አባትየው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን እየጠጡ ስለ እሳቸው እንደሌለ ሰው ተወራ። “አልቆለታል” አለ የበኩር ልጃቸው፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ። “ሐኪሙም ያለው ይኸው ነው። የማስታወስ ነገር እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገዢው መጥቶ መኪናውን ይወስዳል፤ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ እንመልሳለን፤ አባዬ እኔ ጋ፣ እማዬ አንቺ ጋ። በቃ።” ይህ ሁሉ የሚነገረው ለታናሽ እህቱ ነው። ቤተሰቡ ብሎን ይላታል፤ በልጅነቷ የቤቱን ዕቃ እየፈታች ኪሷን ብሎን በብሎን ስለምታደርገው የወጣላት ስም ነው፣ ዛሬም እንጀራዋ ኮምፒውተር መፍታት ነውና ስሙ ከሥራዋ አልተጣላም። መኪና የተባለው ደግሞ የአባታቸው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ሁለቱን አሳድጎ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ለዚህ ወግ ያበቃቸው እሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አባትና እናት፣ ሁለቱም በሕይወት ቁጭ ብለው፣ እንደ ውርስ ዕቃ ለሁለት ተካፈሉ።

ወንድምየው ክፉ ሰው ነው እንዳትሉ። አባቱን በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ደረጃ የወጣ፣ ያለውን ሳይሰስት ያስመረመረ ልጅ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቱን ወደ ራሱ ቤት ያመጣቸውም ይረፉ ብሎ ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፣ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። እናትየው ያልተጠናቀቀ ሥራ አለ ብለው ሱቁ ውስጥ ቀሩ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን አልጋም አልነበረም። አባትየው በዚያ ነጭ ቤት ውስጥ በገቡ በሁለተኛው ቀን ሽንት ቤት ፍለጋ ወጥተው የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆመው ተገኙ። ጠዋት የተነገራቸውን ረፋዱ ላይ ይጠይቃሉ፤ ረፋዱ ላይ የተመለሰላቸውን ምሳ ላይ ይጠይቃሉ። አሁንም ከሻዩ ቀና አሉና “በልቻለሁ?” ሲሉ ጠየቁ። የጠየቁት ልጃቸውን አልነበረም፤ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር ነበር። የወንድምየው ሚስት ሳትናገር ስኳሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው። ብሎን አንድ ነገር ለማለት አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ሰዓቷን አየችና ቦርሳዋን አነሳች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሷ ዝምታ ግን ከአውቶቡስ ሳትወርድ ነቀዘ። በመስኮቱ እያየች “ምን አልኩ? ምንም” እያለች ራሷን ስትቦጭቅ ነው ሥራ ቦታዋ የደረሰችው።

የምትሠራበት ሱቅ የአንድ ትልቅ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው በገመድ ተሸፍኗል፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ላፕቶፖች ተደርድረዋል፣ ማራገቢያው አየር ከማቀዝቀዝ ይልቅ አቧራ ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል። ባለቤቱን ደንበኛው ሁሉ ጋሽ ዋስትና ይለዋል፤ ዕቃ በሸጠ ቁጥር “ዋስትና የለውም፣ ኋላ እንዳንቀያየም” ስለሚል ነው። ብሎን ገና ጃኬቷን ሳታወልቅ ባለካሜራው የላፕቶፕ ቦርሳውን አንግቶ ገባ። ይሄ ሰው ሠርግ ይቀርጻል፣ ፎቶና ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ለሙሽሮችም ያስረክባል። ባለፈው ሳምንት ፋይል የሚያስቀምጥበት ኤስ ኤስ ዲ ፈልጎ መጥቶ ነበር፤ ብሎንም ከማስቲካ የማትወፍር ርካሿን መርጣ፣ ይዟት እንዲዞር ብላ፣ በገመድ ከውጭ የምትሰካ ሳጥን ውስጥ ከታ ሸጠችለት። አሁን ሳጥኗን በሁለት ጣቱ እንደሞተ አይጥ ይዟታል።

“እህቴ፣ ይቺን ነገር ውሰጂልኝ። በያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቆማ ታስባለች። እንዲህ ከሆነማ አልበሙን ሳላደርስ ሙሽሮቹ ይፋታሉ።”

“ብዬ ነበር” አለ ጋሽ ዋስትና ከጥግ፣ ማንም ሳይጠይቀው። “ርካሽ ርካሽ ነው። የራሱ ማስታወሻ የሌለው ዕቃ ምን ሊያደርግልህ? እጥፍ ከፍለህ ባለማስታወሻውን ውሰድ፣ ይሄን እንጣለው።” ብሎንም “እውነቱን ነው” ብላ ልትመልስ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። የራሱ ማስታወሻ የሌለው፣ እንጣለው፤ ጠዋት ቁርስ ላይ “አልቆለታል” የተባለው በሌላ ቃል እንደገና እየተባለ ነበር፣ እሷም እንደገና ዝም ልትል ነበር። “ቆይ” አለች፤ ላፕቶፕህን ስጠኝ ብላ መፍቻዋን አነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ባለው ዕቃ ውስጥ ፋይል አንድ ቦታ ተረጋግቶ አይኖርም። አንዱ ክፍል ብቻውን ተመላልሶበት እንዳያረጅ፣ ዕቃው ራሱ ፋይሉን ከክፍል ወደ ክፍል እያዘዋወረ ያኖረዋል፤ ስለዚህ የትኛው የት እንዳለ የሚናገር ካርታ ያስፈልገዋል። ውዶቹ ይህን ካርታ ዘርግተው የሚይዙበት የራሳቸው ፈጣን ማስታወሻ አላቸው። ርካሹ የለውም፤ ዋጋው እንዲቀንስ ተብሎ ቀርቶበታል። አንድ ፎቶ በተጠየቀ ቁጥር መጀመሪያ ካርታውን ከጓዳ ፈልጎ ማውጣት አለበት፣ ከዚያ ፎቶውን ይፈልጋል፣ ለሚቀጥለው ፎቶ ደግሞ ተመልሶ ወደ ጓዳ። ብሎን ይህን ታውቃለች። የምታውቀውና ያን ቀን በጥድፊያ የዘነጋችው ሌላ ነገር አለ። ይኸው ድሃ ዕቃ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ፣ በተሠራለት ቦታ ሲገባ፣ ኮምፒውተሩን ከፈጣን ማስታወሻህ፣ ከራምህ፣ ጥቂት አውሰኝ ይለዋል። የሚዋሰው ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው፤ አዋሹም መጉደሉን ልብ አይል። ያቺን ጥግ ካገኘ ደጋግሞ የሚፈልገውን የካርታውን ክፍል እዚያ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ በኋላ መመላለስ የለ፣ ቆሞ ማሰብ የለ። በሳጥን ሆኖ በገመድ ከውጭ ሲሰካ ግን የሚያውሰው ጎረቤት የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሆነው፤ ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፣ ከቤት አውጥታ የሸጠችው የብሎን ነበር።

ሳጥኗን ፈታች፣ ስሷን ዕቃ አወጣች፣ የላፕቶፑን ሆድ ከፍታ ቦታው ላይ ሰካቻት፣ አንዲት ብሎን አጥብቃ ዘጋችው። የባለካሜራው የሠርግ ፎቶዎች ያሉበትን ማኅደር ስትከፍተው ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ የሚያለቅሱት አክስቶች፣ ኬኩ፣ ሁሉም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ዝርግፍ አሉ። ባለካሜራው ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ጋሽ ዋስትና እንኳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከጥጉ ተነሣ።

“ምን አደረግሻት?” አለ ባለካሜራው።

“ምንም። ቤቷ አስገባኋት።” ይህን ብላ ጥፋቱ የራሷ እንደነበር ነገረችው፣ የሳጥኑንም ገንዘብ መለሰችለት። ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ጨመረችለት። “ብቻ ሙሉ ሠርግ በአንዴ አትገልብጥባት። መግቢያዋ ላይ ፈጣን ማረፊያ አላት፤ የመጣውን መጀመሪያ እዚያ ትቀበልና ፋታ ስታገኝ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች። ማረፊያዋ ከሞላ ትደክማለች። ፋታ ስጣት፣ አታሳፍርህም።” እሱ ከሄደ በኋላ ብሎን መፍቻዋን እንደያዘች ቀረች። ይህን ያሰበው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አለች በሆዷ፣ እጁ ይባረክ። ሌላው ቢሆን ይጎድለዋል ብሎ ይጥለዋል፤ እሱ ግን ጎረቤቱስ ምን ተርፎታል ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ነው የእናቷ ድምፅ የመጣባት። እናቷ በልብስ ስፌቱ ሱቅ ውስጥ የልብስ ቁልፍ የሚተክሉት ከአባቷ መኪና ጎን ባለች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይናገራሉ። መቀሱ በግራህ ነው፤ ያቺን አስቀድማት፣ ሰውየው በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ ይሄ ኮት የጎረቤታችን ነው፣ ሆዱ ጨምሯል፤ ሻይህን ጠጥተሃል፤ ክሩ አልቋል፣ ሌላው ከእግርህ በታች ነው። ልጆቹ እማዬን የማትዘጋ ሬዲዮ ይሏቸው ነበር፣ አባዬ እንዴት ቻላት እያሉም በልባቸው ያዝኑላቸው ነበር። አባዬ መቼ መርሳት እንደ ጀመሩ የሚያውቅ ልጅ የለም፤ ምክንያቱም ሱቁ ውስጥ ረስተው አያውቁም። ሬዲዮ ያሉት ነገር ካርታው ነበር። ብሎን ዓይኖቿ እንባ ሲያቀርሩ ጋሽ ዋስትና እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳው ገመዶች አዞረችና ለቀሪው ቀን ፈቃድ ጠየቀች። “ነገ ለመምጣትሽስ ዋስትና አለኝ?” አለ። ለዚህ ሰው ይህ እሺ ማለት ነው።

ወንድሟ ቤት ስትደርስ አባቷ ሶፋው ላይ ነበሩ፣ ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ እሳቸው ግን የሚያዩት ጉልበታቸውን ነው። ሁለቱ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ጨርቅ ወደ መርፌ እንደሚያስገባ ሰው። የወንድሟ ሚስት በሩን የከፈተችላት ጥያቄ ሳታበዛ ነው። “ልወስደው ነው” አለች ብሎን፤ “ሱቅ። ገዢው ሳይመጣ።” የወንድሟ ሚስት የአማቷን ኮት አምጥታ አለበሰቻቸው፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። “ሦስት ሳምንት ሙሉ እጁ እንዲህ ሲሆን እያየሁ ነው” አለች በቀስታ። “ለወንድምሽ ልነግረው ፈልጌ፣ ሲገባ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ሂዱ፣ እኔ እደውልለታለሁ።” ታክሲ ውስጥ አባትየው የልጃቸውን እጅ ይዘው “ወዴት ነን?” አሉ። “እማዬ ጋ” አለቻቸው። ጥቂት ቆይተው እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና ነገረቻቸው፤ በየጊዜው አዲስ ደስ ይላቸዋል።

እናትየው ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ጨርቁን ጠቅልለው በካርቶን ከተዋል፣ መስተዋቱን ከግድግዳ አውርደዋል፣ መኪናው ግን ገና በቦታው ነው፤ የማን ልብ ችሎ ይነካዋል። ባላቸው በር ላይ ቆመው የሚገቡበት ሲጠፋቸው ዘለው አልተጠመጠሙባቸውም። የያዙትን ካርቶን አስቀመጡና “ኮትህን ሚስማሩ ላይ” አሉ። “ወንበርህ ወደ ግራ ተስቧል፣ እንዳትመታው። ቁጭ በል። የሾፌሩ ኮት ኮሌታው ቀርቷል፤ አንተን ሲጠብቅ ነው የሰነበተው። ግራ ክርኑ ተበልቷል፣ መስኮት ላይ ስለሚደገፍ፤ ከውስጥ ጨርቅ ደርብበት። ጠመኔው በቀኝህ።” አባትየው ኮታቸውን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። ተቀመጡ። እግራቸው ፔዳሉን አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሎን ለብዙ ሰው ተናግራዋለች፣ በተናገረች ቁጥርም እጇ አብሮ ይሰፋል። ሽንት ቤት የጠፋቸው ሰው ኮሌታውን አንድ ጊዜ አገላብጠው አዩት፣ ፈቱት፣ ጠመኔ አሰመሩበት፣ ሜትር እንኳ ሳያነሡ ቆርጠው መኪናው ላይ ከተቱት። መኪናው ተንጣጣ። እናትየው አንድ ቃል ይላሉ፣ እጅ ይሄዳል፤ አንድ ቃል ይላሉ፣ እጅ ይሄዳል፤ መሃላቸው ላይ ክር የሚያህል ክፍተት አልነበረም። ቆመው የሚያስቡበት ቦታ አልነበረም። ክርኑ ሲደረብ ስፌቱ ከየት እንደ ጀመረ ለማየት ብሎን ጎንበስ ብትል አጣችው። ፊታቸውን ብታዩት፤ ሶፋው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ወዴት እንደ ሄዱ እንጃ። መኪናው ሲንጣጣ የሰሙ ጎረቤቶች ተመልሰዋል ብለው አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዱ ሱሪ፣ አንዷ ዚፕ የተበላሸበት ቀሚስ፣ አንዱ ሰላም ለማለት ብቻ። እናትየው ሁሉንም በሩ ላይ አቆሟቸው። “አንድ በአንድ ሁኑ፤ አንድ ላይ አትጩኹበት። ዕቃውን እኔ ጋ ተዉት፣ እኔ አቀብለዋለሁ።” ሁለት ሰዎች አብረው ሲያወሯቸው የአባትየው እጅ መኪናው ላይ ቆሞ ዓይናቸው መባዘን ሲጀምር፣ እናትየው አይተው ሻይ አቀበሏቸው፣ ሰዎቹን ጥቂት ዝም አሰኙ፤ አባትየው ክሮቹን በየቀለማቸው ደርድረው እንደገና ጀመሩ። ይህን ብልሃት ያስተማራቸው ሐኪም የለም። ቀን በቀን፣ ከባላቸው ፊት እያነበቡ፣ ለማንም ሳይናገሩ ራሳቸው ያበጁት ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንድምየው ገዢውን አስከትሎ ገባ። ከሚስቱ ሰምቷል፣ ተቆጥቷል፤ ቁጣው ግን ሰው ፊት ስለሆነ በጥርሱ መሃል ነበር። “አባዬን ለምን ታደክሚዋለሽ?” አላት እህቱን። ገዢው መኪናውን ሊያይ ጠጋ ብሎ፣ የሚሠራ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ሆኖበት ወደ ኋላ ተመለሰ።

“እየው እንጂ” አለች ብሎን። “እንዴት እንደሚሠራ እየው።”

“አይቻለሁ። ሥራው የእሱ አይደለም፤ እሷ ናት የምታስብለት። በእሷ ጭንቅላት ነው የሚሠራው።”

“አዎ። ታዲያ ምን አለበት? ሳትጎድል ብታውሰው?”

“እሷ አንድ ነገር ብትሆንስ?”

እናትየውም ሰምተዋል፤ የሚተክሉትን ቁልፍ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና “የዛን ቀን የዛን ቀን ነው” አሉ። “ዛሬ አለሁ።” ወንድምየው ወደ እናቱና ወደ እህቱ ዞረ። “አታውቁትም እናንተ። ሦስት ሳምንት እቤቴ ተቀምጦ ማን እንደሆንኩ አላወቀኝም። ውኃ ሳቀብለው ‘እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ’ ነው የሚለኝ። አባቴ ጌታዬ እያለኝ ማነው አላለቀለትም የሚለኝ?” ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር፣ ለሚስቱም። ገዢው ወደ ውጭ ፊቱን አዞረ። መኪናው ቆመ።

አባትየው ክርክሩን የተከተሉት አይመስልም። ቀና ብለው በሩ ላይ የቆመውን ትልቅ ሰው ለረዥም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዘንበል አሉና፣ እንግዳ እንዳይሰማ እንደሚጠነቀቅ ሰው “ይሄ ማነው?” ሲሉ ጠየቁ።

እናትየው መርፌያቸውን አላቆሙም። “የበኩር ልጅህ ነው። ከዛፍ ወድቆ ቀኝ እግሩን የተሰበረው ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ያላየህለት። እግሩ ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣት ያጥራል፤ ሱሪ ሲገዛ ሁልጊዜ ቀኙ ይረዝምበታል፣ ረግጦት ነው የሚሄደው። አፍሮ አይናገርም።”

ሁሉም ወደ ታች አዩ። እውነትም የወንድምየው ቀኝ ሱሪ እግር ከተረከዙ ሥር ገብቶ ጫፉ ተበልቷል። ውድ ሱሪ ነበር፤ እንዲያ ለብሶት ቢሮ ውሎ ነው የመጣው። አባትየው ከወንበራቸው ተነሡ። አራት ስፒል ከመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ነቅለው ከንፈራቸው መሃል ያዙ፣ የልጃቸውን ክርን ይዘው ብርሃን ወዳለበት አቆሙት፣ እሳቸው መሬት ላይ ተንበረከኩ። ሜትር አልጠየቁም። ግራውን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ፣ ቀኙን አጠፉ፣ በአንድ ጣት አሳጠሩ፣ ወጉት። ወንድምየው ሚዛኑን ለመጠበቅ እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ አባቱ ትከሻ ላይ አሳረፈው፤ እዚያው ተወው።

ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ መኪናው...” አለ።

“አይሸጥም” አለ ወንድምየው። ድምፁ እንደ ልጅ ነበር የወጣው። “ይቅርታ አድርግልኝ፤ ደክመህ መጣህ። አይሸጥም።”

“አትነቃነቅ ልጄ” አሉት አባቱ ከታች፣ ስፒል በከንፈራቸው እንደያዙ፤ “ይወጋሃል።”